ጆሴፍ ሊስተር፦ የተሰበረ አጥንትን በቢላ መክፈት የሞት ፍርድ መሆኑን ያስቀሩት ሐኪም

እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ጁን 29 ቀን 1850 የቀድሞው የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሮበርት ፒል ለንደን ውስጥ ኮንስቲትዩሽን ሂል በተሰኘው ጎዳና ላይ ከፈረሳቸው ወደቁ። ፈረሱም ተደናቅፎ በላያቸው ላይ ወደቀ። ከሦስት ቀናት በኋላ፣ በ62 ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ።

ፒል በዘመኑ ከነበሩት የአገሪቱ ሰዎች ሁሉ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነበሩ። የለንደንን ዘመናዊ ፖሊስ በ1829 ያቋቋሙት እርሳቸው ናቸው፤ እንግሊዛውያን እስካሁን ፖሊሶቻቸውን ‘ቦቢ’ የሚሏቸው በእርሳቸው ስም ነው። ስለዚህ የከተማዪቱ ስመ ጥር ሐኪሞች አልጋቸውን ከበቡ። ያገኙት ግን በየገበሬው ቤት የሚያጋጥም ዓይነት ጉዳት ነበር፦ በግራ በኩል ከአንገት ሥር ያለው አጥንት ተሰብሯል። ከስብራቱ በታች ከልብ ትርታ ጋር አብሮ የሚመታ እብጠት ነበር። ፋሻ ቢታሰርላቸው ሕመሙን መቋቋም ስላልቻሉ ተፈታ። የተሰበረው አጥንት ከሥሩ ያለውን የደም ሥር ሳይቀድደው እንዳልቀረ በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች ይገምታሉ። በዚያን ጊዜ ቆዳውን ከፍቶ አጥንቱን ለማቃናትም ሆነ ደሙን ለማቆም የደፈረ ሐኪም አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም ነበር።

ይህ ሲሆን በዚያው ከተማ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የ23 ዓመት የሕክምና ተማሪ ነበር። ስሙ ጆሴፍ ሊስተር ይባላል።

ከደረት መሐል ተነሥቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚዘረጋው፣ ሐኪሞች ክላቪክል የሚሉት አጥንት፣ ክንድን ከቀሪው አካል ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ነው። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ወይም በትከሻው መሬት ሲመታ ኃይሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ከሰው አጥንቶች መካከል ብዙ ጊዜ ከሚሰበሩት አንዱም ለዚህ ሆነ። በላዩ ያለው ሥጋ ስስ ነው፤ በጣት ሊዳሰስ ይችላል። ከሥሩ ግን ወደ ክንድ የሚሄደው ትልቅ የደም ቅዳ፣ ከክንድ የሚመለሰው የደም መልስ፣ እጅን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች እንዲሁም የሳንባ ጫፍ ተጠጋግተው ይገኛሉ።

ሕክምናው በሺህ ዓመታት ውስጥ እጅግም አልተለወጠም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ ግብፅ ውስጥ የተጻፈው፣ ዛሬ ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ እየተባለ የሚጠራው የሕክምና ጽሑፍ ስለዚህ ስብራት ይናገራል። ታካሚው በጀርባው እንዲተኛ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል የታጠፈ ጨርቅ እንዲደረግ፣ ትከሻዎቹ ወደ ኋላ ተለጥጠው አጥንቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ከዚያም እንዲታሰርና ቁስሉ በማር እንዲታከም ያዛል። የአገራችን ወጌሻ ይህንን ቢያነብ የሚደነቅበት ነገር አይኖርም። በ1850 የፒልን አልጋ የከበቡት የለንደን ሊቃውንትም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር በእጃቸው አልነበረም።

የጎደላቸው የእጅ ጥበብ አልነበረም። ቆዳ ከተከፈተ ምን እንደሚከተል ያውቁ ነበር።

የአጉሊ መነጽር ልጅ

ጆሴፍ ሊስተር ኤፕሪል 5 ቀን 1827 ለንደን አጠገብ፣ ኤሴክስ ውስጥ አፕተን በተባለ ቦታ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ኩዌከር ነበር፤ ቀለል ያለ አለባበስን፣ ዝምታንና ትጋትን የሚወድድ የክርስትና ማኅበር ነው። አባታቸው ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር የወይን ጠጅ ነጋዴ ቢሆኑም ልባቸው ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው የመስታወት ምስር ይሞርዱ ነበር፤ በ1830 ይፋ ያደረጉት ሥራም የአጉሊ መነጽርን ምስል ከሚያደበዝዘው የቀለም ጥላ አጥርቶ ዘመናዊው መሣሪያ እንዲወለድ ረዳ። ልጅየው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዓይን የማይታየው ዓለም በእርግጥ እንዳለ በሚታወቅበት ቤት አደገ። ይህ ኋላ ብዙ ዋጋ አለው፤ ብዙዎቹ ባልንጀሮቹ በዚያ ዓለም አያምኑም ነበርና።

ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን እምነት ለማይቀበሉ ዝግ ስለነበሩ ሊስተር ማንንም በእምነቱ ወደማይለየው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ። ዲሴምበር 1846 ሮበርት ሊስተን በኤተር አደንዝዘው የአንድ ሰው እግር ሲቆርጡ ወጣቱ ሊስተር ከተመልካቾቹ መካከል እንደነበሩ ይነገራል። ማደንዘዣው ትልቅ ምሥራች ነበር፤ ነገር ግን ያልታሰበ መዘዝም ነበረው። ታካሚው ስለማይጮህና ስለማይወራጭ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ረጋ ብለው፣ በጥልቀትና በብዛት መቅደድ ጀመሩ። ቁስሉ በዛ፤ የሚያመረቅዘውም በዚያው ልክ በዛ።

ተማሪው ራሱ ጤናማ አልነበረም። ፈንጣጣ ያዘው፤ ቀጥሎም ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ገጥሞት ትምህርቱን አቋርጦ ቆየ። አንደበቱ ይንተባተብ ነበር። በ1852 በማዕረግ ተመርቆ በዓመቱ ወደ ኤድንብራ ሲሄድ ያሰበው ለጥቂት ሳምንታት ጉብኝት ነበር። በዚያ የታወቁትን የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጄምስ ሳይምን አገኘ፤ ጥቂቱ ሳምንት ዓመታት ሆነ። በ1856 የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። ኩዌከር ያልሆነችን ሴት ማግባት ከማኅበሩ መውጣትን ይጠይቅ ስለነበር የአባቶቹን ማኅበር ለቀቀ።

አግነስ ሳይም ለቤት አያያዝ ብቻ የመጡ ሚስት አልነበሩም። ሙሽሮቹ ከሠርጋቸው በኋላ የሄዱበት የአውሮፓ ጉዞ የየአገሩን ሆስፒታሎች መጎብኘትን የጨመረ ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የባለቤታቸውን የሙከራ ማስታወሻ ሰዓታት ሙሉ ተቀምጠው በእጃቸው የጻፉት፣ በቤት ውስጥ ቤተ ሙከራም የረዷቸው እርሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ስለ ሊስተር የሚጻፉ ታሪኮች አብዛኞቹ አግነስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል፤ የማስታወሻዎቹ ገጾች ግን የሁለት ሰዎችን ሥራ ይመሰክራሉ።

በመቃብር ላይ የቆመ ሆስፒታል

በ1860 ሊስተር የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በዓመቱም በከተማዪቱ ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል የሕሙማን ክፍሎች ተሰጧቸው። ግላስጎው የመርከብ ግንባታ፣ የብረትና የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ማሽን የጨፈለቃቸው፣ ጋሪ የሄደባቸው፣ ከፍታ ላይ የወደቁ ሠራተኞች በየቀኑ ይመጡ ነበር።

ሕንፃው አዲስ ነበር፤ ሞቱ ግን ያው። ሊስተር ኋላ እንደደረሱበት ከእርሳቸው ክፍል ግድግዳ ሥር፣ ከመሬት ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በ1849 ኮሌራ የፈጃቸው ሰዎች የሬሳ ሣጥኖች ተደርድረው ነበር። በክፍሎቹ ውስጥ ቁስል ማመርቀዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠር ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በደምና በመግል የደረቀ አሮጌ ካፖርት ለብሰው ይሠራሉ፤ የካፖርቱ መቆሸሽ የልምዳቸው ምስክር ነበር። ቢላው ካንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሳይታጠብ ያልፋል። ሥጋ ይበሰብሳል፤ ደም ይመረዛል፤ ሰው በትኩሳት እየተቃጠለ ይሞታል። ምክንያቱ መጥፎ አየር ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ሊስተርን ዕረፍት የነሳቸው አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አደጋ ቅልጥማቸው ይሰበራል። የአንደኛው ቆዳ አልተቀደደም፤ እግሩ ይታሰራል፤ ከሳምንታት በኋላ ተነሥቶ ይሄዳል። የሁለተኛው አጥንት ቆዳውን በስቶ ወጥቷል፤ ያመረቅዛል፤ ወይ እግሩን ወይ ሕይወቱን ያጣል። ሁለቱም የሚተነፍሱት ያንኑ የክፍሉን አየር ነው። አጥንቱ ያው ነው፤ ስብራቱም ያው። ልዩነቱ የጣት ጥፍር የምታህል የቆዳ ቀዳዳ ብቻ ናት። እንግዲህ የሚገድለው ነገር በዚያች ቀዳዳ የሚገባ መሆን አለበት።

በ1865 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ቶማስ አንደርሰን የፈረንሳዊውን ሉዊ ፓስተርን ጽሑፎች እንዲያነቡ መከሯቸው። ፓስተር ወይንና ወተት የሚበላሹት በአየር ሳይሆን አየር ተሸክሟቸው በሚመጡ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን መሆኑን አሳይተው ነበር። የአጉሊ መነጽር ሠሪው ልጅ ይህንን ለማመን ብዙ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ነገር ግን ፓስተር ተሕዋስያኑን የሚገድሉት በማፍላት ወይም በማጣራት ነበር፤ የሰው ሥጋ ደግሞ አይፈላም።

መልሱ ከፍሳሽ ቦይ መጣ። በሰሜን እንግሊዝ ካርላይል በተባለች ከተማ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚገኘው ካርቦሊክ አሲድ የፍሳሽን ክርፋት ለማጥፋት ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። ፍሳሹ በሚጠጣው መስክ ላይ የሚግጡ ከብቶችን ያጠቃ የነበረው ጥገኛ ተሕዋስም አብሮ እንደጠፋ ሊስተር አነበቡ። ለከብት ያልጎዳ ለሰው ቁስልስ?

የ11 ዓመቱ ልጅ

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ኦገስት 12 ቀን 1865 ግን ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ወደ ሆስፒታሉ ገባ። የጋሪ ጎማ በግራ እግሩ ላይ ሄዶበት አጥንቱ ተሰብሯል፤ ቆዳውም ተቀድዷል።

የዘመኑ ደንብ ግልጽ ነበር። እንዲህ ያለ ስብራት የገጠመው ሰው እግሩ ሳይመረቅዝ በፊት ቶሎ መቆረጥ አለበት፤ መዘግየት ሞት ነው። ሊስተር ቆርጠው ቢሆን ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። ሳይቆርጡ ልጁ ቢሞት ግን ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእርሳቸው ነው። ቁስሉን በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈኑት፤ እግሩን በመደገፊያ አሰሩት፤ ጠበቁም።

በአራተኛው ቀን ጨርቁ ተነሣ። አሲዱ ራሱ ቆዳውን ጥቂት አቁስሎት ነበር፤ መግል ግን አልነበረም፤ ክርፋትም አልነበረም። ከስድስት ሳምንታት በኋላ አጥንቱ ገጠመ። ልጁ በሁለት እግሩ ከሆስፒታሉ ወጣ።

ሊስተር በአንድ ልጅ መዳን ብቻ አዋጅ አላወጁም። ሌሎች ተመሳሳይ ሕሙማን እስኪመጡ ሁለት ዓመት ገደማ ጠበቁ። በ1867 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ተከታታይ ጽሑፍ ቆዳን በስቶ የወጣ ስብራት የገጠማቸው የ11 ሰዎችን ታሪክ ዘረዘሩ። ዘጠኙ እግር ወይም እጃቸው ሳይቆረጥ ዳኑ፤ አንዱ ተቆረጠ፤ አንዱ ሞተ። ለዛሬ አንባቢ ይህ ቁጥር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ተሰምቶ የማያውቅ ነበር። በእርሳቸው ክፍሎች እግርና እጅ ከተቆረጠላቸው 35 ሰዎች መካከል ቀደም ሲል 16ቱ ሞተው ነበር፤ ከአዲሱ ዘዴ በኋላ ከ40 ሰዎች የሞቱት 6 ናቸው።

ተቀባይነቱ ግን በቀላሉ አልመጣም። ክሎሮፎርምን ለወሊድ ያስተዋወቁት ታላቁ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ካርቦሊክ አሲድን ሌሎች ቀድመው እንደተጠቀሙበት በመግለጽ ተነሡባቸው። ነገሩ እውነትነት አለው፤ አሲዱን በቁስል ላይ ያደረጉት የመጀመሪያው ሰው ሊስተር አይደሉም። ሲምፕሰን ያልተረዱት፣ ወይም ሊረዱ ያልፈለጉት፣ ዋናው ነገር አሲዱ ሳይሆን ለምን እንደሚደረግ ማወቁ መሆኑን ነው። ሌሎች ሐኪሞች ጨርቁን በአሲድ ነክረው አድርገው፣ ባልታጠበ ጣታቸው ደግሞ ቁስሉን እየነካኩ፣ ዘዴው አይሠራም ብለው ጻፉ። ቪየና ውስጥ ኢግናስ ሴመልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን ቢታጠቡ የወላዶች ሞት እንደሚቀንስ ከሃያ ዓመት በፊት አሳይተው ሰሚ አጥተው ነበር፤ ሊስተር ስለ እርሳቸው የሰሙት በጣም ዘግይተው ነው።

ሊስተርም ራሳቸው ሁሉንም በትክክል አልሠሩም። ጠላት አየሩ ውስጥ ነው ብለው ስላመኑ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በካርቦሊክ ጭጋግ የሚሞላ መርጫ ሠሩ። ዓይን ያቃጥላል፤ እጅ ይሰነጥቃል፤ ጠቀሜታውም ትንሽ ነበር። በ1890 በርሊን በተደረገ ጉባኤ ላይ መርጫውን እንደተዉትና በእርሱ በመጠቀማቸውም እንደሚያፍሩ በግልጽ ተናገሩ። የሴቶችን ወደ ሕክምና ትምህርት መግባት በተመለከተ ግን ከዘመናቸው አስተሳሰብ የተሻሉ አልነበሩም፤ ይቃወሙ ነበር።

መርጫው በ1871 ስኮትላንድ በሚገኘው የባልሞራል ቤተ መንግሥትም ገብቶ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በብብታቸው ሥር እባጭ ወጥቶባቸው ሊስተር በቢላ ከፍተው መግሉን ሲያወጡ ጭጋጉ የንግሥቲቱን ፊት እንዳስቸገረ ይተረካል። ከአራት ዓመት በኋላ ንግሥቲቱ በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ የሚደረግን ሙከራ እንዲያወግዙ በጠየቋቸው ጊዜ ሊስተር በአክብሮት እምቢ አሉ። የቁስል መስፊያ ጅማት በሰውነት ውስጥ ተሟሙቶ መጥፋቱን ያረጋገጡት በጥጃ ላይ ሞክረው ነበርና ሌላ መልስ ሊሰጡ አይችሉም ነበር።

የብር ሽቦ

እስከዚህ ድረስ የነበረው ሁሉ አደጋ የከፈተውን ቁስል ማዳን ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ የባሰ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፦ ያልተከፈተውን ሆን ብሎ መክፈት።

በ1877 ሊስተር ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተዛወሩ። የጀርመን ሆስፒታሎች ዘዴያቸውን ተቀብለው፣ ከሁለት ዓመት በፊትም በየከተማው በክብር አስተናግደዋቸው ነበር። የለንደን ሐኪሞች ግን አሁንም በጥርጣሬ ያዩዋቸው ነበር፤ ትምህርታቸውን የሚከታተለው ተማሪም ጥቂት ነበር። ኦክቶበር 26 ቀን 1877 የጉልበት ሎሚው ለሁለት የተሰበረ ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

የዚህ ሰው ቆዳ አልተቀደደም። ሕይወቱም አደጋ ላይ አልነበረም። ቢተውት ቁርጥራጮቹ ተራርቀው ይቀራሉ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያነክሳል፤ ግን ይኖራል። የጉልበት መገጣጠሚያን መክፈት ደግሞ በዘመኑ ዕውቀት ሰውየውን ለሞት አሳልፎ ከመስጠት አይለይም ነበር። ሊስተር ቆዳውን ቀደዱ፤ መገጣጠሚያውን ከፈቱ፤ ሁለቱን ቁርጥራጮች በስተው በብር ሽቦ አሰሯቸው። ታካሚው ቢሞት ሊስተር በፍርድ ቤት ሊጠየቁ ይገባል ያሉ የሥራ ባልደረቦች እንደነበሩ ይነገራል።

ሰውየው አልሞተም። ቁስሉ ሳያመረቅዝ ዳነ፤ ጉልበቱም መታጠፍ ቻለ።

ሊስተር ከዚያ ቀደም ኤድንብራ ሳሉ አልገጥም ያለ የክርን አጥንትን በተመሳሳይ መንገድ በሽቦ አስረው ነበር። የጉልበቱ ሥራ ግን በለንደን ሰዎች ዓይን ፊት የተደረገ በመሆኑ ክርክሩን ለወጠው። የአጥንት ቀዶ ሕክምና ዛሬ የሚያደርገው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ቆዳ ከፍቶ የተሰበረውን አግጥሞ በብረት ማሰር፣ ከብር ሽቦው ጀርባ የመጣ ነው። በ1895 ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ሲያገኙ ሐኪሞች ከመክፈታቸው በፊት ስብራቱን ማየት ቻሉ። ለንደን ውስጥ አርበትኖት ሌን ቁስሉን በጣት ሳይነኩ፣ በረጃጅም መሣሪያዎች ብቻ እየሠሩ፣ የብረት ሰሌዳ በብሎን አጥንት ላይ ያስሩ ጀመር። ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ውስጥ ደግሞ አልባን ላምቦት መሣሪያዎቻቸውን በገዛ እጃቸው እየሠሩ ሙያውን ሥርዓት አስያዙት፤ እኚህ ሰው ቫዮሊንም ይሠሩ ነበር።

አዲሱ ዕውቀት ወደ እኛ አካባቢም ብዙ ሳይቆይ ደርሷል። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ሐኪሞች ቁስልን ከተሕዋስያን መጠበቅን እንደ መደበኛ ሥራ የተማረ ትውልድ ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ አብዛኛውን ጥይት የሰበረው አጥንት በመጋዝ ከመቁረጥ የተለየ ነገር ባላደረጉ ነበር።

ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ከሞተር ሳይክል ወድቆ የአንገት ሥር አጥንቱ የተሰበረ ወጣት ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዝለት ግብፃዊው ጸሐፊ ካዘዘው ብዙም አይርቅም። ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ ለሳምንታት ያርፋል፤ አጥንቱ ይገጥማል። ብዙዎቹ እንዲህ ይድናሉ፤ ስለዚህ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አያስፈልግህም ቢል ችላ ማለቱ አይደለም። ነገር ግን የአጥንቱ ጫፎች ተደራርበው ትከሻው ካጠረ፣ ብዙ ቦታ ከተፈረካከሰ፣ ሹል ጫፉ ቆዳውን ሊበሳ ከደረሰ፣ ወይም የደም ሥርና ነርቭ ከተጎዳ ነገሩ ይለወጣል። ሐኪሙ በአጥንቱ አቅጣጫ ቆዳውን ይቀድዳል፤ ቁርጥራጮቹን ያገጥማል፤ በአጥንቱ ቅርጽ የተጎነበሰ የብረት ሰሌዳ አስቀምጦ በብሎኖች ያጠብቃል። መሰርሰሪያው ከሚያስፈልገው ጥቂት አልፎ ቢገባ ከሥሩ ያሉት የደም ሥሮች፣ ነርቮችና ሳንባ ናቸውና እጁ መጠንቀቅ አለበት።

የሚፈራው ሌላው ነገር ግን የድሮው ነው። በዚህ አጥንት ላይ ያለው ሥጋ ስስ በመሆኑ ቁስሉ ካመረቀዘ ብረቱ ቶሎ ይጋለጣል፤ አጥንቱም አልገጥም ይላል። መሣሪያዎቹ በእንፋሎት የሚቀቀሉት፣ ቆዳው በመድኃኒት የሚታጠበው፣ ጓንት የሚጠለቀውና ከቀዶው በፊት ፀረ ተሕዋስያን የሚሰጠው ለዚሁ ነው። የእንፋሎቱና የጓንቱ ዘዴ የሊስተር አይደለም፤ የመጣው ከእርሳቸው በኋላ ተሕዋስያኑን ከመግደል ይልቅ መጀመሪያውኑ እንዳይገቡ ማድረግ ይሻላል ካሉ የጀርመንና የአሜሪካ ሐኪሞች ነው። እርሳቸው ያስተማሩት የሚገባ ነገር መኖሩን ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ክብሩ በስተመጨረሻ ተከታትሎ መጣ። ዲሴምበር 1892 ፓሪስ የፓስተርን 70ኛ የልደት በዓል ስታከብር ሊስተር በእንግሊዝ ሳይንስ ስም ተገኙ፤ በሕመም የተዳከሙት ፓስተርም በአዳራሹ ፊት አቀፏቸው። ከ1895 እስከ 1900 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዝዳንት ነበሩ። በ1897 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ለቀዶ ሕክምና ሐኪም እንዲህ ያለ ማዕረግ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ቀናት ሲቀሯቸው ትርፍ አንጀታቸው ባመረቀዘ ጊዜ ምክር ከተጠየቁት ሐኪሞች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ንጉሡ ዳኑ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ፈሳሽ መድኃኒት በስማቸው ሊስተሪን ተባለ፤ ዛሬ ብዙ ሰው ስማቸውን የሚያውቀው ከአፍ መጉመጥመጫው ጠርሙስ ነው።

ከዚህ ሁሉ ክብር ገሚሱ የመጣው ግን አግነስ ካለፉ በኋላ ነው። በ1893 የጸደይ ወራት ባልና ሚስቱ ለዕረፍት ወደ ጣሊያን ራፓሎ ሄደው ሳለ አግነስን የሳንባ ምች ያዛቸውና በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፉ። በሌሎች አካል ላይ ማመርቀዝን ያሸነፉት ሰው በሳንባ ውስጥ ላለው መድኃኒት አልነበራቸውም፤ እርሱ እስኪገኝ ገና ዐሥርት ዓመታት ቀርተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊስተር በቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ምርምር ተዉት።

የመጨረሻ ዓመታቸውን በኬንት ባሕር ዳር ዋልመር በተባለች መንደር አሳለፉ። የዓይናቸው ብርሃንና የጆሯቸው መስማት ደክሞ ነበር። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1912 በ84 ዓመታቸው አረፉ። መንግሥት ከታላላቅ ሰዎቹ ጋር በዌስትሚንስተር አቢ ሊቀብራቸው ይችል ነበር፤ ጸሎተ ፍትሐቱም የተደረገው በዚያው ነው። ሥርዓቱ ሲያበቃ ግን አስከሬናቸው በሰሜን ለንደን ወደሚገኘው ሃምፕስቴድ መቃብር ተወስዶ ከአግነስ ጎን ተቀበረ።